የውሃ ሃይድሮጅን ይሻላል ወይስ ካንዴላና ጎማ?

ቤንዚን ለመቆጠብ ከውሃ ሃይድሮጅን የሚያወጣ ዕቃ ሞተሩ ጎን ማስገጠም ይሻላል ወይስ መኪናዋን በወጉ ሰርቪስ ማድረግ?

ዕቃውን ቀረብ ብለን እንየው። ውሃውን የሚሰነጥቀው ከዳይናሞው በሚመጣ ኤሌክትሪክ ነው። ዳይናሞውን የሚያዞረው ደግሞ ያው ቤንዚን ነው። ሞተር ከቤንዚኑ ጉልበት ሲሶውን ቢጠቀም ነው። ከዚያ ዳይናሞው ጋ ይባክናል፣ ውሃው ውስጥም እንደገና ይባክናል። ስለዚህ ከጋዙ የሚመለሰው ጉልበት ለማውጣት ከወጣው ያነሰ ነው። በ20 አምፔር የሚሠራ ባለ 6 ሴል (ውሃው የሚሰነጠቅበት ክፍል) ዕቃ በደቂቃ የሚሰጠው ጋዝ 1 ሊትር ገደማ ነው። ሞተሩ ግን በዚያው ደቂቃ በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር አየር ይስባል። ጋዙ ኦክስጅን ስለተቀላቀለበት ደግሞ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። በ1996 እ.ኤ.አ. የአሜሪካዋ ኦሃዮ ፍርድ ቤት «በውሃ የምትሄድ መኪና» ሠራሁ ያለውን ስታንሊ ሜየርን በማጭበርበር ጥፋተኛ ብሎ የሁለት ባለሀብቶችን ገንዘብ እንዲመልስ አዞታል።

ሰርቪስ አያስደንቅም፤ ግን ይሠራል። ንፋስ የጎደለው ጎማ ቤንዚን ያስበላል፤ ጎሚስታ ጋ ንፋስ ማስሞላት ግን ቀላል ነው። ያለቀ ካንዴላ ደግሞ ቤንዚኑን ሳያቃጥል በጭስ ማውጫው ይሰደዋል። እኔ ገንዘቤን የማወጣው እዚህ ላይ ነው። ዕቃውን አስገጥሞ ለውጥ ያየ ሰው ካጋጠማችሁ፣ መካኒኩ አብሮ ምን እንደቀየረለት ጠይቁት።