ለፊት አጥር የትኛዋ ጽጌረዳ? የድሮዋ፣ የተዳቀለችውና ቀጋ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ገዢዎች

ሐምሌ ገብቶ ደሴ ጭጋግ ስትለብስ ችግኝ ሻጮች ጥቁር ላስቲካቸውን መንገድ ዳር ይደረድራሉ። ከመሃል አንዷ ጫፏ ላይ ደም የመሰለ ቀይ አበባ ይዛ ትቆማለች። ሻጩ «አብሽር፣ ይቺ ድንጋይ ላይም ትበቅላለች» ይላል። እኔም አብሽሬ 20 ገዛሁ።

ግቢያችን ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ነው። ፊቱ 12 ሜትር ነው፤ በሩ 3 ሜትር ሲወስድ ለአጥር የሚቀረው 9 ሜትር። የዛገውን ቆርቆሮ አንስቼ በሽቦና በጽጌረዳ ልተካው ነበር ሐሳቤ። ሁለት ዓመት መንገደኛ ቆሞ ፎቶ እስኪያነሳው አማረልኝ። በሦስተኛው ክረምት ከአፈሩ ሥር ቅጠላቸው ቀለል ያለ ረጃጅም ቀንበጦች ተግተልትለው ወጡ። «ጠነከረችልኝ» ብዬ ፍግ ጨመርኩላት። በዓመቱ ቀዩ አበባ የለም፤ በቦታው ጥፍር የሚያህል ነጭ አበባ በዘለላ ፈነዳ፤ እሱም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ረግፎ ቀረ። ሐጂ ጎረቤቴ ከመንገዱ ቆመው አዩና «ልጄ፣ የራስህን አስርበህ የሞግዚቷን ልጅ ስታሳድግ ከረምክ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የተዳቀለች ጽጌረዳ፣ ሻጮቹ ግራፍት የሚሏት፣ በአንድ ላስቲክ ውስጥ ያለች ሁለት ተክል ናት። ከታች ያለው ሥር ከሌላ ጉልበተኛ ጽጌረዳ የተወሰደ ነው፣ ሐጂ ሞግዚት ያሉትም እሱን ነው፤ ከላይ ያለው የምንወደው አበባ ነው። የታችኛው በራሱ ማቆጥቆጥ ከጀመረና ካልተነቀለ የላይኛውን ውጦ ያስቀራል። አንዲት ተክል በሳሎን መስኮት ሥር ብትሆን በየጊዜው እያየን እንነቅለዋለን። 20 ተክል ተጠጋግቶ አጥር ሲሆን ግን ማን ጎንበስ ብሎ ያያል? ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በቀለም አይጀምርም። አጥር በየዓመቱ ይገረዛል፣ አህያ ይደገፈዋል፣ ፍየል ይቀነጥበዋል፤ ከሥሩ ደግሞ እንደገና ይነሳል። ከሥሩ ሲነሳ የሚነሳው ማን ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ በሁለቱ ከተሞች መሃል ካለው ከሐረጎ ቁልቁለት በላይ ነዎት ወይስ በታች የሚለው ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም በከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ልዩነት አላቸው፦ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር። ሐረጎን ወርዶ ጃኬቱን ያላወለቀ መንገደኛ የለም። ጽጌረዳም ልዩነቱን ታውቀዋለች። ላይ ጠላቷ እርጥበት ነው፤ ታች ደግሞ ሙቀትና ጥማት።

የድሮዋ ጽጌረዳ

በየግቢው ያለችው፣ ሮዝ ቀለም ያላት፣ አበባዋ ድርብርብ የሆነው፣ ከበር ሳይገቡ የምትሸተው ናት። ችግኝ ጣቢያ ብዙ ጊዜ አትገኝም፤ ሻጩም «ይቺማ የማንም ናት» ብሎ ይንቃታል። የምትገኘው ከጎረቤት ነው፤ ቁራጭ ተለምና። ለደሴ አጥር የኔ ምርጫ እሷ ናት፤ ምክንያቱም በራሷ ሥር የቆመች ናት። እስከ መሬት ብትቆርጧት፣ ፍየል ቢግጣት፣ መኪና ቢደፈጥጣት፣ ከሥር የምትወጣው ራሷው ናት። ሞግዚት የላትም።

በየዓመቱ ከግርጌዋ አዳዲስ ግንድ ስለምታወጣ ታችዋ ራቁቱን አይቀርም። አጥር ከታች ከተራቆተ ደግሞ ውሻና ዶሮ የሚያልፉበት በር ሆነ ማለት ነው። ቁመቷ በየዓመቱ ከተገረዘች እስከ ደረት ይደርሳል፤ ግቢን ከዓይን ሙሉ በሙሉ አትሸፍንም። መሸፈን የሚፈልግ ከሽቦው ጋር እያሰረ ያሳድጋት፣ ወይም ሌላ ይፈልግ።

ጉድለቷን ልንገራችሁ። በሐምሌና በነሐሴ፣ ደሴ ለቀናት ፀሐይ ሳታይ ስትሰነብት፣ እምቡጧ ውሃ ጠግቦ ሳይፈነዳ ይበሰብሳል። በጣት ሲነኩት እንደ ረጠበ ወረቀት ነው። ቅጠሏም ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣና ይረግፋል። መድኃኒት ከመርጨት በፊት መሃሏን ከፈት አድርጎ መግረዝ፣ የረገፈውን ቅጠል ከሥሯ ጠርጎ ማቃጠልና ማታ ቅጠሏ ላይ ውሃ አለማፍሰስ ብዙ ያግዛል። መስከረም ሲጠባ ትመለሳለች።

ዋጋዋ? የጎረቤት መልካም ፈቃድና አንድ ዓመት ትዕግሥት። ዘንድሮ የተተከለ ቁራጭ አጥር የሚባለው በሁለተኛው ዓመት ነው። ለሠርግ ወይም ለምርቃት ግቢ ማሳመር ለቸኮለ ሰው አትሆንም።

የተዳቀለችው

በታሪኬ ምክንያት የጠላኋት እንዳይመስላችሁ። ቀለም ምረጡ ቢባል ቀዩም፣ ቢጫውም፣ ባለ ሁለት ቀለሙም ያለው እሷ ጋ ነው። ተተክላ በወራት ውስጥ ታብባለች፤ አበባዋም ተቆርጦ ብርጭቆ ውስጥ ይሰነብታል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ከድሮዋ የምትበልጥበት ነገር አላት፦ ያ የሰደብኩት የታችኛው ሥር ጉልበት አለው፤ ሙቀቱንና መረሬውን አፈር ብዙ ጊዜ ከቁራጭ በተሻለ ይቋቋማል።

ግን ሁለት ዓይነት ናት፤ ሻጭ ለይቶ አይነግራችሁም። አንዷ በረጅም ዘንግ ጫፍ አንድ ትልቅ አበባ የምታወጣው፣ የአበባ ሱቅ ዓይነቷ ናት። ግንዷ ቀጥ ያለና ጥቂት፣ እግሯ የተራቆተ ስለሆነ ለአጥር አትሆንም፤ ተደርድራ ስትታይ የተተከለ መጥረጊያ ትመስላለች። ሌላዋ አበባዋ አነስ ያለ፣ በአንድ ቅርንጫፍ አምስትና ስድስት ሆኖ የሚወጣ፣ ከታች ጀምሮ የምትንዠረገግ ናት። ለአጥር ከተዳቀሉት መሃል ግዙ ብል እሷን ነው። ለመለየት አበባውን ትታችሁ ቅርንጫፉን እዩ፦ ጫፉ ላይ ስንት እምቡጥ አለ?

ስትገዙ ጎንበስ በሉና ግንዱን ከአፈሩ በላይ በጣት ዳብሱት። እንደ ጉልበት ያበጠ ቦታ ካገኛችሁ የተዳቀለችበት መገጣጠሚያ እሱ ነው። ያ እብጠት ስንጥቅ ወይም ጥቁረት ካለበት ተዉት። ከእብጠቱ በታች ቀንበጥ ካለ ሞግዚቷ ገና በላስቲኩ ውስጥ ሳለች ጀምራለች ማለት ነው። ላስቲኩን ገልብጣችሁም እዩ። ከቀዳዳው ነጭ ሥር ብቅ ካለ መልካም ነው፤ ሥሩ ወፍሮ መሬት ውስጥ ከገባና ሻጩ ሲያነሳው ከተበጠሰ ግን ችግኟ ቤታችሁ ደርሳ ትጠወልጋለች። አፈሩ ሲነቀነቅ ግንዱ ለብቻው የሚወዛወዝ ከሆነ ትናንት ከሌላ ቦታ ተነቅላ የተሞላች ናት። አበባ የያዘችውን አትምረጡ፤ ጉልበቷን አበባው ላይ ጨርሳለችና። ያለ አበባ ሦስት ወፍራም ግንድ ያላት ትሻላለች።

ስትተከል እብጠቱ ከአፈር በላይ በሦስት ጣት ያህል ይታይ። ከሥሩ የወጣውን ቀንበጥ በመቀስ መቁረጥ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ መጋበዝ ነው፤ አፈሩን ገለጥ አድርጎ ከመነሻው ገንጥሎ መጣል ይሻላል። ይህን በየሁለት ወሩ የሚያደርግ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ግዙ። ከሌለ የኔን ነጭ ዘለላ አስቡ።

ቀጋ

የአገሩ ባለቤት እሱ ነው። የሳይንስ ስሙም ሮዛ አቢሲኒካ ይባላል፤ ከደጋው ገደልና ከእርሻ ዳር ያለ ማንም እርዳታ ይበቅላል። አበባው ነጭ፣ ነጠላ፣ አምስት ቅጠል ያለው ነው፤ ሽታው ደስ ይላል። ቀይ ፍሬውን ልጅ ሆነን ያልበላ ማን አለ? የውስጡን ፀጉር ሳይጠርግ የበላ ደግሞ ጉሮሮው ያስታውሰዋል።

ለጥበቃ ከተባለ ከሦስቱ የሚወዳደረው የለም። እሾሁ እንደ ጭልፊት ጥፍር ወደ ታች የተቆለመመ ነው፤ መግባት ይቻላል፣ መውጣት ነው ጭንቁ። ይኸው እሾህ ግን ለፊት አጥር ያስቸግራል። በጠባብ መንገድ ዳር ተክላችሁት ለበዓል ነጠላ ለብሳ የምታልፍ ሴት ብትያዝ ነጠላው ይቀደዳል፤ ጉርብትናም አብሮ። ከዚያ ላይ ይሰፋል። ቁመቱ ከሰው በላይ ይሄዳል፣ ጎኑም ሁለት ሜትር መውሰድ አይከብደውም። 12 ሜትር ፊት ላለው ግቢ ቀጋ መትከል በሬ ሳሎን እንደማስገባት ነው። ጓሮው ሰፊ ለሆነ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ለሚኖር፣ ንብ ለሚያረባ ሰው ግን ከኋላ አጥር ላይ ይትከለው፤ ያተርፋል። ደሴ ከፍታው ይስማማዋል፤ ኮምቦልቻ የመጨረሻው ጠርዙ ላይ ናት፣ እዚያ አልመክረውም። ከዱር ከነሥሩ ነቅላችሁ አታምጡ፤ ቁራጭ ይበቃል።

ሽቦ ላይ የምትወጣ ተንጠላጣይ ጽጌረዳም አለች። ጠንካራ ሽቦ ወይም ብረት አጥር ላለው ብቻ ናት፤ ደጋፊ ከሌላት ትወድቃለች። አጥሩ ላይ ወደ ጎን አስተኝታችሁ ካሰራችኋት ከየአንጓው ታብባለች፤ ቀጥ ብላ ከወጣች ግን አበባዋን የሚያየው ከላይ ያለው ጎረቤት ነው።

ኮምቦልቻ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምንም እንኳ ስለ ጽጌረዳ ብናወራም። ውሃ የሚያጠጣ ሰው ከሌለ ቡጌንቪሊያ ትከሉ። ሙቀቱን ትወደዋለች፣ አንዴ ከያዘች ድርቁን ትችላለች፣ እሾህም አላት። ሽታ የላትም፤ የሚቀርባችሁ እሱ ነው። በደረቁ ወራት ጽጌረዳ እዚያ ቀይ ሸረሪት የሚባል ጥቃቅን ተባይ ይወርሳታል፦ ቅጠሏ በላይ በኩል ነጣ ነጣ ይላል፣ ሲገለብጡት ቀጭን ድር ይታያል። ሥሯን በገለባ መሸፈንና ጠዋት የቅጠሉን ሆድ በውሃ ማጠብ ያቀላል።

ስንት ልግዛ?

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። የኔ 9 ሜትር በበሩ ግራ 5፣ በቀኙ 4 ሜትር ነው። የድሮዋ ወይም ባለ ዘለላዋ የተዳቀለች በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ስትተከል በግራ 11፣ በቀኝ 9፣ በድምሩ 20 ትሆናለች። ቀጋ በ1 ሜትር ተኩል ቢተከል 7 ወይም 8 ይበቃል። ተንጠላጣይዋ ደግሞ 4 ብትሆን ትሞላዋለች። ስለዚህ የአንዷን ችግኝ ዋጋ ብቻ ጠይቃችሁ አታወዳድሩ፤ በቁጥሩ አባዙት። ላስቲኳ የተወደደችው ተንጠላጣይ በመጨረሻ ረክሳ ልትገኝ ትችላለች።

ከድንበሩ መስመር ወደ ውስጥ 60 ሴንቲ ሜትር ግቡ። ካርታችሁን አይታችሁ ማለቴ ነው፤ ድንበሩን በዓይን ግምት አትያዙት፣ መንገድ ሲሰፋ የሚነሳው አጥር ነውና። ጉድጓዱ 40 በ40፣ የበሰበሰ ፍግ ከላይኛው አፈር ጋር ተደባልቆ። መረሬ ከሆነ ውሃ እንዳይተኛበት መስመሩን ከፍ አድርጉት። መጀመሪያው ዓመት ላይ ማንም ጽጌረዳ እሾህ አላት ተብላ ከፍየል አትተርፍም፤ ለጋ ቀንበጥ ለፍየል ሰላጣ ነው። የግራር እሾህ ቆርጣችሁ ከበስተ ውጭ ደርድሩ።

መግረዙ በጥር መጨረሻ፣ በልግ ከመግባቱ በፊት ጥሩ ነው። ከተገረዘች በኋላ አበባ እስክታወጣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ስለምትፈጅ፣ ለፋሲካም ሆነ ለዒድ አበባ የሚፈልግ ቀኑን ወደ ኋላ ቆጥሮ መቀሱን ያንሳ።

እኔ ነጩን ሁሉ ከነሥሩ አስወጥቼ ባለፈው ሰኔ እንደገና ጀመርኩ። ሐጂ ከግቢያቸው የእርሳስ ውፍረት ያላቸው፣ ስንዝር የሚያህሉ ቁራጮች ከታች ሰያፍ አድርገው ቆረጡልኝ። 40 ተከልኩ፣ ሁለት ሦስተኛው አፈር ውስጥ ገብቶ፣ ሁለት አንጓ ብቻ ከላይ ቀርቶ። መስከረም ላይ 31 ቅጠል አውጥተው ነበር። ለ9 ሜትሬ የሚያስፈልገው 20 ስለሆነ 11ዱን ለሰፈር ሰው አደልኩ። ለሐጂ የከፈልኩት አንድ ኪሎ ቡና ነው፤ እሱንም አብረን ነው የጠጣነው።