ፎቶው ላይ ዶልፊን፣ ደጃችን የመጣው አባዱላ

ሐዋሳ ላይ ሚኒባስ በኮንትራት ይዛችሁ ወጣ ለማለት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ቀብዱን ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቧት። የእኛ ገንዘብ አንዴ ሄዷል። የእናንተ ገና ስልካችሁ ውስጥ ነው።

እኛ የሰፈር ዕቁብተኞች ነን፣ አሥራ ሦስት ሰው። ዕቁቡ ሲያልቅ የተረፈች ብር ነበረች። አርባ ምንጭ ሄደን ጫሞ ላይ አዞ እንይ፣ በማግስቱ ዶርዜ ወጥተን ቆጮ በማር በልተን እንመለስ ተባለ። መኪና የመፈለጉ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ለምን እንደወደቀ እስካሁን አልገባኝም፤ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም።

ሞቢል አካባቢ ከአንድ ደላላ ጋር አገናኙኝ። ልጁ ምላስ አለው። ገና ስሜን ሳያውቅ «ቤተሰብ» ይለኛል። ፒያሳ ወስዶ አንድ ነጭ ዶልፊን ሚኒባስ አሳየኝ። ታጥቦ ያብረቀርቃል፣ የወንበሩ ላስቲክ ገና አልተላጠም። በሩ ተቆልፏል። «ቁልፉ ሹፌሩ ጋ ነው፣ ምሳ ሄዷል» አለኝ። በመስታወት አጮልቄ አየሁ። የማውቅ ለመምሰል ጎማውን በእግሬ ነካ ነካ አደረግኩ። ፎቶ አንስቼ ለዕቁብተኛው ሁሉ ላክሁ። ሁሉም ወደደው።

ዋጋው ለሁለት ቀን፣ ከነሹፌሩ፣ ከነናፍጣው 26,000 ብር። 10,000ውን ቀብድ በቴሌብር ላክሁ። የተቀባዩ ስም የሴት ሆኖ ወጣ። «የእህቴ ነው፣ አታስብ ቤተሰብ» አለኝ። እሺ አልኩ። በመሄጃችን ዋዜማ ማታ ደግሞ ደውሎ «ሹፌሩ ናፍጣ ሊቀዳ ስለሆነ 6,000 ጨምርልኝ፣ የቀረውን 10,000 ስትመለሱ ለሱ ትሰጡታላችሁ» አለኝ። ያንንም ላክሁ። አሁን ሳስበው እጄን ማን እንደመራው አላውቅም።

ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገብርኤል አደባባይ ቆመናል። የዕቁብ ዳኛችን ጭኮ አሠርተው፣ ቡና በፔርሙስ ሞልተው መጥተዋል። 12 ሰዓት ሆነ። አለፈ። 1 ሰዓት ሊሆን ሲል አንድ አሮጌ አባዱላ እያጓራ መጥቶ ፊታችን ቆመ። ጎማው መላጣ ነው። የኋላው መስኮት በፕላስቲክ ተለጥፏል። ሹፌሩ ዓይኑ ቀልቷል፤ ሌሊቱን ከዲላ ቡና ጭነው የመጡ ነጋዴዎችን ሲያመላልስ አድሯል።

ለደላላው ደወልኩ። «የዶልፊኑ ማርሽ ሌሊት ተበላሸ፣ ይሄኛው እንደውም ጉልበቱ ይበልጣል» አለኝ። እዚያው ላይ «ይቅርብን» ብለን ወደ ቤት መመለስ ነበረብን። ግን አሥራ ሦስት ሰው ተነስቶ፣ ለብሶ፣ ስንቅ ይዞ ቆሟል። ደላላ የሚቆምረው በዚህ ነው። ሰው ሻንጣ ይዞ መንገድ ላይ ከቆመ እምቢ እንደማይል ያውቃል።

ጣጣው የጀመረው ሻሸመኔ ነው። ከሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ በቅጡ ሳንሄድ ናፍጣ የለም ተባለ። ወረፋ ያዝን። ተራችን ሲደርስ የሹፌሩ ቴሌብር ባዶ ነው። «የምን 6,000? ለእኔ ሰባራ ሳንቲም አልተላከልኝም» አለ። ከቀሪው ላይ ይቀነሳል ብለን እኛ ከፈልን። አላባ ላይ ደግሞ ትራፊክ አስቆመን። ዶልፊኑ እንደሚበቃን ነበር የተነገረን። የዚህኛው ሊብሬ ላይ የተጻፈው ሹፌሩን ጨምሮ 12 ነው። እኛ ከነሹፌሩ 14። ትርፍ ጭነሃል ተባለ። ቅጣቱን ማን ይክፈል? እሱ «ብዛታችሁን አልነገራችሁኝም» ይላል፣ እኛ «መኪናውን የቀየራችሁት እናንተ» እንላለን። ተካፈልነው።

ምሳ ሶዶ ነበር። እዚያ ከሹፌሩ ጋር ቁጭ ብዬ ሳወራ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። ሥራውን የሰጠው የእኔ ደላላ አይደለም። ሌላ ደላላ ነው። ያም ከሌላ የተቀበለው ነው። ሥራችን በሦስት እጅ ዞሯል። ለሹፌሩ የተቆረጠለት በመጨረሻ የምንሰጠው 10,000 ብቻ ነው፣ ናፍጣውም ከዚያው። ደርሶ መልሱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለሁለት ቀን ልፋቱ ምን እንደሚተርፈው አስቡት። ከ26,000ው 16,000ው ሐዋሳ ቀርቷል፣ እኛ ገና ሳንነሳ።

«ዶርዜስ?» አልኩት። «የምን ዶርዜ ጋሼ? ለእኔ የተነገረኝ አርባ ምንጭ ከተማ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ልቆጣው አልቻልኩም።

አርባ ምንጭ ስንደርስ ለጫሞ ጀልባ ረፍዶ ነበር። ማታ የሹፌሩ አልጋና እራት በማን ነው የሚል ሌላ ክርክር ተነሳ። ዳኛችን «ልጁ ደክሞታል፣ ዝም በሉ» ብለው ከኪሳቸው ከፈሉ። እሑድ ጠዋት ተጨማሪ ብር ልንሰጠው ብለን ዶርዜን ለመንነው። ዳገቱን ቀና ብሎ አየና «መውጣቱን ይወጣል። ስወርድ ግን ፍሬኑን አላምነውም» አለ። ለዚህች ቃሉ እስከዛሬ አመሰግነዋለሁ። እዚያው ከተማ ሌላ መኪና በ6,000 ብር ተይዞ ሰባት ሰው ብቻ ወጣ። የቀረነው ሴቻ ቁጭ ብለን የእግዜር ድልድይን ከሩቅ እያየን ቡና ጠጣን። አዞ ያየ የለም።

ስንመለስ የደላላው ስልክ ዝግ ነው። ሳምንት ቆይቼ ዶልፊኑን ፒያሳ እዚያው ቦታ ቆሞ አገኘሁት። ባለቤቱን ጠብቄ አናገርኩት። ሰውየው ደነገጠ። መኪናው የግሉ ነው፣ ኮንትራት ወጥቶ አያውቅም። ማርሹም ደህና ነው። ዞር ብዬ ታርጋውን ሳየው ኮድ 2! ያን ቀን ጎማ ከምረግጥ ታርጋውን ባነብ ኖሮ ጨዋታው እዚያው ያበቃ ነበር። ኮድ 2 የግል መኪና ነው፤ የኪራይ መኪና ኮድ 3 ነው። ኮድ 2 በኮንትራት ልውሰዳችሁ ካላችሁ ዋጋው ቢረክስም አትግቡ። ኢንሹራንሱ ለግል አገልግሎት የተገባ ነውና፣ በኪራይ ላይ እያለ አደጋ ቢደርስ ኩባንያው አልከፍልም ሊል ይችላል።

ከዕቁብተኞቹ አንዱ ሕግ የተማረ ነው። (ከጉዞው በፊት ዝም ብሎ፣ ከጉዞው በኋላ ጠበቃ ሆነብን።) የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ስለ ቀብድ የሚለውን ነገረኝ። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። እኛ 20,000 መጠየቅ እንችል ነበር ማለት ነው። ግን ማንን? በእጄ ያለው አንድ ቅጽል ስም፣ አንድ የማላውቃት ሴት ስምና የተዘጋ ስልክ ነው።

ስለዚህ ከመኪናው ባለቤት ወይም ራሱ ከሚነዳው ሰው ጋር ሳትነጋገሩ ሳንቲም አትላኩ። ደላላ ይኑር፣ ኮሚሽኑን ይውሰድ፣ ክፋት የለውም። ስንት እንደሚወስድ ግን እናንተ፣ ደላላውና ባለመኪናው ሦስታችሁም ባላችሁበት ይነገር። ወረቀት ጻፉ፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ከሁሉም በላይ የታርጋ ቁጥሩ ውሉ ላይ ይስፈር፤ «አንድ ሚኒባስ» ብሎ መጻፍ ምንም እንዳልጻፉ ነው። የምትሄዱበት ቦታ ሁሉ በስም ይጠራ፣ ዳገቱም ጭምር። የሰዉ ብዛት፣ የሹፌሩ አልጋና ምግብ፣ ቅጣት ቢመጣ በማን እንደሆነ ይግባበት። ሁለት ምስክር ይፈርም። ሊብሬውን፣ ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን በዓይናችሁ እዩ፣ ፎቶ አንሱ። ብሩ የሚገባበት ስም ከተዋዋላችሁት ሰው መታወቂያ ጋር ካልገጠመ፣ የእህትም ይሁን የእናት፣ እዚያው ላይ ተሰነባበቱ። ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሹፌር ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ ይተኛ። አዞው የትም አይሄድም።

የሹፌሩን ስልክ ይዤዋለሁ። ለፋሲካ ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ልንሄድ አስበናል፣ በቀጥታ ከሱ ጋር። «ጎማ ስትቀይር ደውልልን» ብዬው ነበር። ባለፈው ሳምንት ደወለ።

«ጋሼ፣ የፊቶቹን ቀየርኳቸው።»

«የኋለኞቹስ?»

ዝም አለ። እየጠበቅነው ነው።