«ኤለፋንት የሐሙስ ነው»፦ በደብረ ብርሃን የአንድ መዋዕለ ሕፃናት የንባብ ትምህርት ሲገመገም

ሴት ልጄ በደብረ ብርሃን ከተማ በሚገኝ አንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት ሁለት ዓመት ተምራ ዘንድሮ በሰኔ አጠናቃለች፤ ታናሽ ወንድሟም በመጪው መስከረም እዚያው ይገባል። ስለዚህ ይህን ግምገማ የምጽፈው ከትምህርት ቤቱ ጋር ተጣልቼ ሳይሆን ሁለተኛ ልጄን አምኜ ልሰጠው እየተዘጋጀሁ ነው። ስሙን ግን አልጠቅስም፤ የምነቅፈው ነገር የእሱ ብቻ ጥፋት ነው ብዬ አላምንምና።

ስለ ግቢው ብዙ የሚባል የለም። ሰፊና ሣር ያለው ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ በሕፃናት ቁመት ተሠርቷል፤ ውኃ ሲጠፋም በርሜል ተሞልቶ ይጠብቃል። ክፍያው በከተማው መካከለኛ ከሚባለው ወገን ነው፤ ምሳ ከቤት ይቋጠራል። በአንድ ክፍል 38 ልጆች ከአንዲት መምህርትና ከአንዲት ረዳት ጋር ይውላሉ፤ ይህ በእኔ ግምት በዝቷል።

የንባብ ትምህርቱ በመጀመሪያው ዓመት ከጠበቅሁት በላይ ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል፤ በዚያ ሰዓት የትንሽ ልጅ ጣት እርሳስ መያዝ ይቅርና የሹራብ ቁልፍ እንኳ መቆለፍ ይቸግረዋል። መምህርቷ ይህን ስለምታውቅ ጽሕፈቱን ከዕረፍት በኋላ አድርጋ፣ ጠዋቱን ልጆቹን ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር አስቀምጣ በተረትና በእንቆቅልሽ ታሳልፈው ነበር። «በ ብሎ የሚጀምር፣ ቀንበር የሚሸከም?» ትላለች፤ «በሬ!» ይላሉ፤ ከዚያም ቃሉን በጭብጨባ ይከፍሉታል፤ «በ» አንድ፣ «ሬ» ሁለት። ለሚያልፍ ሰው ጊዜ ማጥፋት ይመስላል። ሆኖም ልጅ አንድ ቃል ከትንንሽ ድምፆች የተሠራ መሆኑን አስቀድሞ በጆሮው ካልያዘ፣ ፊደል ለዓይኑ ሥዕል ብቻ ሆኖ ይቀራል። የአማርኛ ፊደል ደግሞ ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ቅርጽ ስለሚይዝ ሁለት ጭብጨባ ሁለት ፊደል ሆኖ ይወጣል፤ ጀማሪ አንባቢ ከዚህ የተሻለ ዕድል አያገኝም።

ፊደሉ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም ከ«ሀ» ሳይሆን ልጆቹ በየቀኑ በሚጠሯቸው ቃላት ውስጥ ከሚደጋገሙት ከ«በ»፣ ከ«ለ» እና ከ«መ» ተጀምሮ። «ቡ» ወገቧን ትይዛለች፣ «ቢ» ጫማ ታደርጋለች፣ «ባ» አንድ እግሯ ያጥራል እየተባለ ሲነገራቸው ልጆቹ አንዱን ቤት ይዘው ሌላውን በራሳቸው መገመት ጀመሩ። ልጄ እስከ ዛሬ «ሊ»ን ስታይ «ጫማ ያደረገችው ለ» ትላለች። ለዚህ ደንብ እምቢ የሚሉት እነ «ረ» እና «ፈ» ወደ ኋላ ቆዩ፤ ይህም በጥሩ መምህር እጅ እንዳለች ነገረኝ።

በሁለተኛው ዓመት ግን ሌላ ትምህርት ቤት የገባች እስኪመስለኝ ድረስ ነገሩ ተለወጠ። የትምህርት ቤቱ ዕቅድ ልጁ ወደ 1ኛ ክፍል ከመሻገሩ በፊት 33ቱን የፊደል ቤቶች ከነሰባት ድምፃቸው፣ ማለትም 231 ፊደላትን፣ በዚያ ላይ 26ቱን የእንግሊዝኛ ፊደላት በትልቁም በትንሹም አጻጻፍ እንዲለይ ያዛል። ሲደመር 283 ቅርጽ ነው። የአማርኛውን ግብ አልቃወምም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ በእርጋታ የሚደረስበት ነው። ይሁን እንጂ መርሐ ግብሩ ሲጣደፍ እንቆቅልሹም ጭብጨባውም ቀሩ፤ ገበታው ከዳር እስከ ዳር በዜማ ይወረድ ጀመር።

የካቲት ላይ አንድ ማታ «ሎ»ን ብቻዋን በወረቀት ጽፌ ለልጄ አሳየኋት። ወረቀቱን ይዛ ግድግዳው ላይ ወደ ሰቀልንላት ገበታ ሄደች፤ «ለ» ላይ ጣቷን አሳርፋ «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ» እያለች በዜማ ተጓዘችና ቅርጿ ከወረቀቱ ጋር ስትገጥም «ሎ!» አለች። ገበታውን በነጠላ ሸፍኜ «ሞ»ን ስጽፍላት «ይቺን አልተማርንም» አለችኝ። በዚያው ሰሞን ከመጣው ካርድ ላይ የአማርኛ ንባብ ውጤቷ 94 ነበር።

መንዝ ውስጥ በቄስ ትምህርት ቤት የተማሩት አባቴ ሁኔታውን አይተው «ልጅቱ ገና ሀሁ ላይ ናት፤ አቡጊዳ አልገባችም» አሉ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ሀሁን ካጠና በኋላ አቡጊዳ ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያው ረድፍ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ ስለሚል፣ ሀሁን በዜማ የለመደ ምላስ መሄጃ ያጣል፤ ዓይን አይቶ ካልለየ አፍ አይናገርም። የኔታ ልጁ ያነብ ወይም ይሸመድድ እንደሆነ የሚለዩበት መንገድ በገበታው ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። የየኔታ አለንጋም አብሮ ይምጣ እያልሁ አይደለም። የአባቴን አስተያየት ለመምህርቷ ስነግራት ሳምንት ሳይሞላ ከካርቶን የተቆረጡ የፊደል ካርዶች ሠርታ፣ እየበወዘች ማስነበብ ጀመረች። በሚያዝያ ልጄ ገበታውን ሳታይ አጫጭር ቃላት ታነብ ነበር፤ ለዚህ ምስጋናው የመምህርቷ ነው።

ያልተስተካከለው የእንግሊዝኛው ጉዳይ ነው። በየሐሙሱ ጠዋት የአሥር ቃላት ዲክቴሽን ይሰጣል፤ የተሳሳተው ቃል አምስት አምስት ጊዜ ተጽፎ ዓርብ ይቀርባል። ልጄ ከግንቦት ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ሆዷን ያማት ነበር፤ ሐኪም ዘንድ ወስደን ምንም አልተገኘባትም። አንድ ረቡዕ ማታ «ኤለፋንት» የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል ያለ ስህተት ደረደረችልኝ። «ኤለፋንት ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቃት «የሐሙስ ነው» አለችኝ። «ዝሆን» የሚለውን ቃል ከነተረቱ ታውቀዋለች፤ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን የነገራት ግን አልነበረም።

በወላጆች ስብሰባ ይህን ሳነሳ አብዛኞቹ አልደገፉኝም፤ ጎረቤት ያለው ትምህርት ቤት በዚሁ ዕድሜ ሙሉ ምንባብ በእንግሊዝኛ እንደሚያስነብብ የጠቀሱም ነበሩ። ስጋታቸውን አልንቀውም። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች የተካሄደው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል፤ ይህን የሰማ ወላጅ ቢቸኩል አይፈረድበትም። ነገር ግን ምዘናው የተሰጠው ልጆቹ በሚማሩበት ቋንቋ ነበር። የጎደለው መሠረት እዚያ ከሆነ፣ የስድስት ዓመት ልጅን በማታውቀው ቋንቋ ፊደል ማስቆጠር ቀዳዳውን አይደፍነውም። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ከ1ኛ ክፍል በፊት ሁለት ዓመት ሰጥቷል፤ ጊዜው አለን።

ካርዱም ቢሻሻል መልካም ነው። ልጄ ከ38 ተማሪዎች 7ኛ መውጣቷን ይናገራል፤ የትኞቹን የፊደል ቤቶች እንደምትለይ፣ ስንት ቃል እንደምታነብ፣ የተነበበላትን ተረት መልሳ መናገር ትችል እንደሆነ አይናገርም። መምህርቷ ይህን ሁሉ በራሷ ደብተር መዝግባዋለች፤ ስጠይቃት አሳይታኛለች፤ ወደ ወላጅ የሚላከው ግን ደረጃው ብቻ ነው።

ሐምሌ ላይ ወንድ ልጄን ላስመዘግብ ስሄድ የሐሙሱን ዲክቴሽን ጉዳይ ለርእሰ መምህርቷ በድጋሚ አነሳሁላቸው። «እኛም ወደነው አይደለም፤ ወላጅ ጠይቆ የመጣ ነው። ወላጅ ከተስማማ እናስቀረዋለን» አሉኝ፤ በእሱ ምትክ እንግሊዝኛው በመዝሙርና በጨዋታ ብቻ እንደሚሰጥም ነገሩኝ። ልጄን አስመዝግቤ ወጣሁ። ማመልከቻውን ጽፌ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለችው የደብተር መሸጫ ሱቅ አስቀምጫለሁ፤ እስከ ትናንት 11 ወላጆች ፈርመዋል።