የብረት መጥበሻዬ፣ የኮክ ኮብለርና የእማዬ ጎመን ዘር

መጥበሻው ጥቁር ነው። አፉ 26 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱ ከሁለት ኪሎ በላይ። በአንድ እጄ አነሳዋለሁ የምትል ጀግና ካለች ትሞክረው። ጁን መጀመሪያ ላይ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ አንድ የቤት እቃ መሸጫ ገዛሁት፣ ከ20 ዶላር ትንሽ ፈቀቅ ያለ ከፍዬ። ከዚያ ወዲህ 11 ኮብለር ጋግሬበታለሁ። ዘጠኙ ተበልተው አልቀዋል። የሁለቱን ጉድ እነግራችኋለሁ።

ኮብለር የሚለውን ስም መጀመሪያ ስሰማ ያሰብኩት ኮብልስቶን ነው። የሰፈሩ መንገድ በኮብልስቶን ሲነጠፍ ያየ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ለነገሩ ብዙም አልተሳሳትኩም። ፍራፍሬው ከታች ይሆናል፤ ሊጡ በማንኪያ እየተቆነጠረ ከላይ ጣል ጣል ይደረጋል። ሲበስል እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ ይላል። በመሃል በመሃሉ ጭማቂው እየተንተከተከ ይወጣል። ኬክ አይደለም፤ ፓይም አይደለም። መልኩ አያምርም፣ እንዲያምርም አይጠበቅበትም። እኔ የወደድኩት ለዚሁ ነው። ኬክ ላይ ክሬም ሳስተካክል የሚንቀጠቀጠው እጄ እዚህ ጋ ምንም አይጠየቅም።

ያስለመደችኝ አብራኝ የሌሊት ፈረቃ የምትሰራ፣ ጆርጂያ ተወልዳ ያደገች ትልቅ ሴት ናት። ጆርጂያ ስሟ በኮክ የተጠራ ስቴት ናት፤ የመኪና ታርጋዋ ላይ ሳይቀር ኮክ አለ። እሷ ፊት ግን «ደቡብ ካሮላይና ከጆርጂያ የበለጠ ኮክ ታመርታለች» እንዳትሉ። አንድ ቀን አፌን አዳልጦኝ ብያት ፈረቃው እስኪያልቅ አላናገረችኝም። ከሁሉም የምትበልጠው ካሊፎርኒያ መሆኗን ጨርሶ አላነሳሁም። በመስታወት ትሪ የጋገርኩትን የመጀመሪያ ኮብለሬን ቀምሳ «ጥሩ ነው፤ ግን ጠርዝ የለውም። ብረት ግዢ» አለችኝ። ጠርዝ የለውም ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ብረቱን ከገዛሁ በኋላ ነው።

እዚህ አገር የብረት መጥበሻ ሲባል ሁሉም የሚጠራው ሎጅን ነው። ከ1896 ጀምሮ ቴነሲ ውስጥ ሳውዝ ፒትስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ብረት እያቀለጠ የሚሰራ ኩባንያ ነው። የኔው እሱ አይደለም፤ ርካሽ የሆነውን ነው ያነሳሁት።

ካርቶኑ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተጽፏል። እማዬ ያን ጊዜ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛ ጋ ነበረች። «ምን ይላል?» አለችኝ። ልተረጉምላት አፌን ስከፍት ቃሉ ራሱ መጣልኝ።

«ተሟሽቷል ይላል።»

«ማን አሟሸው?»

«ፋብሪካው ነዋ እማዬ።»

«ፋብሪካ ምን ያውቃል! ጎመን ዘር አለሽ?»

የለኝም። የምጣድ ማሰሻ በሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ከየት ይመጣል? ያለኝ የካኖላ ዘይት ነው። ካኖላም እኮ የጎመን ዘር ዘመድ ነው ብዬ ላሳምናት ሞከርኩ፣ እውነትም ነው። እሷ ግን ጠርሙሱን በብርሃን አይታ «ይሄ ውሃ ነው» አለችና ከንፈሯን መጠጠች።

ልክ ነበረች፤ ስለ ዘይቱ ሳይሆን ስለ ፋብሪካው። መጀመሪያ ቀን እንቁላል ጠበስኩበትና ግማሹ እዚያው ቀረ። ስለዚህ እንደገና አሟሸነው። አጥቦ፣ እሳት ላይ አድርቆ፣ ዘይት መቀባት። ከዚያ ዘይቱን ጭራሽ ያልተቀባ እስኪመስል በንጹህ ጨርቅ መጥረግ። ቀጥሎ ኦቨን ውስጥ በ230 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አፉን ደፍቶ አንድ ሰዓት። ስስ ዘይት በዚያ ሙቀት ይደርቅና እንደ ቫርኒሽ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል፤ ምግብ እንዳይዝ የሚያደርገውም እሱ ነው። እማዬ ግን በመጀመሪያው ዙር ዘይቱን እንደ ልጅ ገላ ለቅልቃው ስለነበር ሲወጣ እንደ ሙጫ ያዝ ያዝ አደረገ። የጭስ መጠቆሚያውም ጮኸ። እማዬ ወንበር ላይ ቆማ በነጠላዋ ስታራግብለት የላይኛው ጎረቤት በሩን አንኳኳ። በሦስተኛው ዙር ላይ ግን መጥበሻው እንደ አሮጌ የእንጀራ ምጣድ ለሰለሰ። ለመግዛት ካሰባችሁ «ተሟሽቷል» የሚለውን አትመኑ፤ ከሰዓት በኋላውን ለዚህ መድቡ።

ወደ ኮኩ ልምጣ። ጁላይ መጨረሻ ላይ ከፍሬድሪክ ወዲያ፣ ካቶክተን ተራራ ግርጌ ወዳለ እርሻ ሄድን። ባልዲ ይሰጡሃል፣ ራስህ ትለቅማለህ፣ በክብደቱ ትከፍላለህ። ኮኩ ከፀሐዩ የተነሳ እንደ ዳቦ ይሞቃል። ዛፉ ስር ቆሜ የነከስኩት ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ። እማዬ ኮኩን ትታ ጥቁሩ እንጆሪ ጋ ሄደች። ብላክቤሪ የሚሉት ነው። አንዱን አፏ ውስጥ ጣል አድርጋ «ይሄማ የኛው እንጆሪ ነው፣ እሾሁን ነው ያራገፉት» አለች። በአማርኛ ለሁሉም አንድ ስም መስጠታችን ድሮ ይገርመኝ ነበር። ስትሮቤሪውም እንጆሪ፣ ራስፕቤሪውም እንጆሪ። እዚያ ቀን ግን ስሙ መጀመሪያ የማን እንደነበር ገባኝ። በልጅነቷ ከብት ስትጠብቅ ከቁጥቋጦ ውስጥ እጇን እየተቧጨረች የለቀመችው የዚህ የጥቁሩ ወንድም ነው።

ኮክ ስትገዙ አንድ ነገር ጠይቁ፤ ፍሪስቶን ነው ወይ? ለሁለት ሲገምሱት ፍሬው ከስጋው ለቀቅ ብሎ የሚወጣው ማለት ነው። በሰመር መጀመሪያ የሚደርሰው አብዛኛው ፍሬው የሙጥኝ የሚል ነው፤ ለመብላት ይጣፍጣል፣ ለመክተፍ ግን መከራ ነው። ጁን ላይ ያንን ገዝቼ ስላጥ ስቆራርጥ ግማሹ ጣቴ ላይ ነው የቀረው። ልጣጩን ለማንሳት ደግሞ ቢላ አያስፈልግም። የፈላ ውሃ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ፣ ከዚያ በረዶ ውሃ። እንደ ካልሲ ይወልቃል።

አሁን የምሰራው እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ያህል ኮክ፣ አንድ ኩባያ ብላክቤሪ፣ ግማሽ ኩባያ ስኳር፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ ቁንጥር ጨው። ቀረፋ አንዳንዴ። ኮረሪማ ሁልጊዜ፤ በጣት ጫፍ ብቻ፣ ከበዛ ኮኩን ይውጠዋል። ይህን ሁሉ መጥበሻው ላይ አድርጌ ምድጃው ላይ እጥደዋለሁ። ጭማቂው መንተክተክ ሲጀምር ሊጡን በማንኪያ እየቆነጠርኩ ላዩ ላይ አስቀምጣለሁ። ሊጡ አንድ ኩባያ ተኩል የፉርኖ ዱቄት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ትንሽ ስኳርና ጨው፣ 85 ግራም የቀዘቀዘ የገበታ ቅቤ በጣት የተፈረፈረበት፣ ከዚያ ሊጡን የሚያያይዝ ያህል አሬራ። አዎ፣ አሬራ። እዚህ በካርቶን የሚሸጠውን በተርሚልክ እማዬ ቀምሳ «ወፈር ያለ አሬራ ነው» ብላዋለች። መጥበሻውን እንዳለ ወደ ኦቨን፤ 190 ዲግሪ፣ 40 ደቂቃ ገደማ።

ብረቱ ሃያ ዶላሩን የሚመልሰው እዚህ ላይ ነው። ከምድጃ ወደ ኦቨን አንድ እቃ ብቻ። ደግሞ ያ ጠርዝ! ጭማቂው ከብረቱ ግድግዳ ጋር ሲገናኝ ይወፍራል፣ ይጠቁራል፣ ከረሜላ ይሆናል። የሊጡ ዳር እዚያ ላይ ተጣብቆ ይጠበሳል። በማንኪያ ፋቅ ስታደርጉት ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥርስ ላይ ቀጭ የሚል ነገር ይነሳል። ልጆቼ አይስክሬሙን ትተው በሱ ይጣላሉ። በመስታወቱ ትሪ ይህ የለም።

የመጀመሪያው ውድቀት የኔ ጥፋት ነው። ከፍሪዘር የወጣ ፍራፍሬ ሳላሞቅ ሊጡን ጫንኩበት። ብረት ቶሎ አይግልም፤ ከጋለ በኋላ ነው ሙቀቱን የሚይዘው። ላዩ ቡናማ ሆኖ አምሮ ወጣ። እንግዳ ፊት ስቆርሰው ታቹ ጥሬ ሊጥ ነበር፣ ልክ እንደ ቡሆ። አሁን ሁለት ነገር ሳላይ አላወጣም። አንዱን ጉብታ ገልጬ ውስጡ እንደ ዳቦ መፈርፈሩን። መሃሉ ላይ ያለው ጭማቂ፣ ዳር ዳሩ ብቻ ሳይሆን መሃሉ፣ መንተክተኩን። መሃሉ ካልፈላ ስታርቹም አይዝም፣ ሾርባ ትበላላችሁ።

ሁለተኛው የመጥበሻው ነው። ማታ ጋግሬ፣ ግማሹ ሲተርፍ ላዩን ሸፍኜ እዚያው ተውኩት። ከስራ ስመለስ ወርቃማው ኮክ ግራጫ ሆኗል፣ ዳሩ ላይማ ቀለም ይመስላል። ቀመስኩት። ሳንቲም የመላስ ያህል ነው። አሲድ ያለበት ነገር ብረት ላይ ሲያድር ብረቱን ይበላል፣ ማሟሻውንም ይልጣል። ኮክ፣ እንጆሪ፣ ሎሚ ሁሉም አሲድ ናቸው። ለመጋገሪያ ጊዜው ምንም አይሆንም፤ ለአዳር ግን አይሆንም። ካርቶኑ ላይ ስለዚህ አንድም ቃል የለም። ስለዚህ እንደበላችሁ የተረፈውን ወደ ሳህን ገልብጡት። መጥበሻውን በሙቅ ውሃ ፈተግ፣ ወዲያው እሳት ላይ ማድረቅ፣ ዘይት ጠረግ። ትንሽ ሳሙና አይጎዳውም። እቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ግን እንዳታስገቡት፤ ባለቤቴ ሊረዳኝ ብሎ አስገብቶት ቀይ ዝገት ለብሶ ወጣ። እንደገና ማሟሸት፣ እንደገና ጭስ መጠቆሚያ።

ስለ ጾም የሚጠይቀኝ ሰው ስላለ ልጨምር። ኦገስት 7 ፍልሰታ ሲገባ ኮኩ ደግሞ በጣም የሚጣፍጥበት ጊዜ ነው። ቅቤውን በቀዘቀዘ የኮኮናት ዘይት፣ አሬራውን ጥቂት ሎሚ ጠብ ባለበት የአጃ ወተት ተካሁት። ሊጡ ትንሽ ይደርቃል፣ ለስላሳነቱ የቅቤውን አያክልም፤ አልዋሽም። ጠርዙ ግን ያው ነው። ከቅዳሴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንመለስ ማን ይመርጣል? መጥበሻው ላይ ተቀመጥንበት ማለት ይቻላል። ለጾሙ ሌላ መጥበሻ መለየት አለበት የምትል እህት አለች። በዚህ ላይ እማዬ የፈረደችውን ነው የተከተልኩት፤ በደንብ አጥባ፣ ውሃ አፍልታበት «በቃ» አለች።

ለማን ይሆናል? በሰመር አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ የምትጋግሩ ከሆነ ያላችሁ የመስታወት ወይም የሴራሚክ ትሪ ይበቃል። ኮብለሩ ያድርበታል፣ ኮኩም አይጠቁርም። ብረቱ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እሳት የሚያየው ሰው ቤት ነው የሚያምርበት። እኔ አሁን ድርቆሽ አነቃበታለሁ፣ እማዬ ቡና ቆልታበታለች። ከቡናው በኋላ የጋገርኩት ኮብለር ትንሽ ቡና ቡና ብሎ ነበር፤ ማንም አልጠላውም።

ከአምስት አራት ሰጥቸዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለእጀታው ነው። አጭር ነው፣ ከመጥበሻው ጋር አንድ ብረት ነው፣ ከኦቨን ከወጣ ከ20 ደቂቃ በኋላም ይፋጃል፣ መፋጀቱን ግን በመልኩ አያሳይም። ግራ መዳፌ ላይ ጠባሳው አለ። የጨርቅ መያዣ አብራችሁ ግዙ፣ እጀታው ላይ አጥልቁት፣ መጥበሻው ታጥቦ እስኪቀመጥ አታውልቁት።