«ኦርጅናል፣ የድሮ፣ ሙሉ ዕቃው ያለው» ለሚል ማስታወቂያ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

የድሮ አክሽን ፊገር (የፊልምና የካርቱን ጀግኖችን የሚመስል፣ መገጣጠሚያው የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት) ሻጮች የለመዷት አንዲት አነጋገር አለች፦ «የድሮው ብረት ነው፣ የአሁኑ ላስቲክ ነው።» ግማሽ እውነት ስላላት ብዙ ሰው ትይዛለች። ገዢው ዕድሜውን እንደ ጥራት ቆጥሮ ከአዲሱ ብዙ እጥፍ ይከፍላል፤ ዕቃው ሲደርስ ወይ አውራ ጣቱ ተሰብሯል፣ ወይ በእጁ የያዘው መሣሪያ በቅርቡ የተሠራ ቅጂ ነው፣ ወይም ፊገሩ ራሱ የድሮ አይደለም። ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥንካሬ ከዕድሜ አይመጣም። ኬነር የተባለው የአሜሪካ መጫወቻ ኩባንያ በ1978 ለገበያ ያቀረባቸው የስታር ዋርስ ፊልም ፊገሮች ቁመታቸው 9.5 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን የሚንቀሳቀሱት 5 ቦታ ላይ ብቻ ነው፦ አንገት፣ ሁለት ትከሻ፣ ሁለት ዳሌ። ክርንም ጉልበትም አይታጠፍም። ብዙ የማይሰበሩት ለዚህ ነው። በ2013 የጀመረው፣ ኬነርን በኋላ የጠቀለለው የሃስብሮ ኩባንያ ብላክ ሲሪስ የተባለ ተከታታይ ደግሞ 15 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ክርኑ፣ ጉልበቱ፣ የእጅ አንጓውና ቁርጭምጭሚቱ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሊጣበቅ ወይም ሊሰበር የሚችል አንድ ተጨማሪ ቦታ ነው። ስለዚህ ባለ 5 መገጣጠሚያውን ከባለ 20ው ጋር አስተያይቶ «የድሮው ይሻላል» ማለት ፍርድ አይሆንም። ብዙ መገጣጠሚያ ያለውን የድሮ ፊገር ስታዩ ነገሩ ይገለበጣል።

በ1982 የወጣውን ትንሹን ጂ.አይ. ጆ የተባለ የወታደር ፊገር እንውሰድ። ክርኑም ጉልበቱም ይታጠፋል፤ ከ1983 ጀምሮ ደግሞ ክንዱ ከክርኑ በላይ ዙሪያውን ይዞራል። ደረቱንና እግሮቹን አንድ ላይ የሚይዘው ግን ሆዱ ውስጥ ያለ አንድ ቀጭን ጥቁር የጎማ ቀለበት ነው። አርባ ዓመት የቆየ ጎማ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፤ ወገቡን ስታዞሩት ይበጠስና ፊገሩ ለሁለት ይለያያል። ይህ ራሱ የሚያስፈራ አይደለም፣ ቀለበቱ ርካሽ ነው፣ ይቀየራል። ጀርባው ላይ ያለውን ብሎን በልኩ በሆነ ባለመስቀል ካቻቪቴ ፈትታችሁ ደረቱን ትከፍታላችሁ። የአዲሱን ቀለበት አንድ ጫፍ እግሮቹን በያዘው የብረት መንጠቆ ላይ፣ ሌላውን ደረቱ ውስጥ ባለው ዘንግ ላይ ታጠልቃላችሁ። ብሎኑን ስትመልሱ አስቀድማችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ አዙሩት፤ የድሮው ጥርስ ውስጥ ጠብ ሲል በእጃችሁ ይታወቃችኋል፣ ያኔ ወደ ቀኝ አጥብቁት። በቀጥታ ወደ ቀኝ ካጠበቃችሁት አዲስ ጥርስ ይቆርጥና ፕላስቲኩ ይላላል፣ ሁለተኛም አይይዝም።

የማይጠገነው ሌላ ነው። አውራ ጣቱ ከደረቅ ፕላስቲክ የተሠራ ቀጭን ነገር ሲሆን የመሣሪያው እጀታ ብዙ ጊዜ ከመዳፉ ክፍተት ይወፍራል፤ በግድ ሲገባ ጣቱ ከሥሩ ይቆረጣል። ሻጮች ይህን የሚደብቁት ጠመንጃ አስይዘው ፎቶ በማንሳት ነው። ባዶ እጆቹን ከፊት የሚያሳይ ፎቶ ጠይቁ። ሁለተኛው በጭኖቹ መሐል ያለው ቀጭን ክፍል ነው፤ እግሮቹ በኃይል ወደ ጎን ሲከፈቱ ይሰበራል፤ በሱፐር ግሉ ቢጣበቅም ቀለበቱ ሁልጊዜ ስለሚስበው አይቆይም። ሦስተኛው ክርኑ ላይ በፒኑ ዙሪያ የሚታይ የፀጉር መስመር የሚያህል ስንጥቅ ነው። በተራ ፎቶ አይታይም፤ ክንዱ ታጥፎ ከቅርብ በብርሃን መነሳት አለበት። እነዚህ ሦስቱ ሳይታዩ «ንጹሕ ነው» የሚል ቃል ዋጋ የለውም።

ወደ «ኦርጅናል» እንምጣ። በኬነር ፊገሮች እግር ጀርባ ላይ ዓመተ ምሕረትና የባለመብቱ ስም በጥቃቅን ፊደላት ተቀርጿል፤ በመጀመሪያዎቹ ላይ «ጂኤምኤፍጂአይ (GMFGI) 1977» የሚል ሲሆን ይህም የኬነር ባለቤት የነበረው ጄኔራል ሚልስ የመጫወቻ ቡድን ምህጻር ነው፣ በኋላ በወጡት ላይ «ኤልኤፍኤል (LFL)» ይላል፣ ይህም የስታር ዋርስ ፊልም ሠሪ የሉካስፊልም ምህጻር ነው። ብዙ ጊዜ «ሆንግ ኮንግ» ወይም «ታይዋን» የሚል የተሠራበት ቦታም አብሮ አለ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ዓመቱ መብቱ የተመዘገበበት እንጂ ያ ዕቃ ከፋብሪካ የወጣበት አይደለም። 1977 የሚል እግር ያለው ፊገር ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ሊሠራ ይችላል፣ ስለዚህ «የ1977 የመጀመሪያ ምርት» ብሎ ዋጋ የሚጨምር ሻጭ እግሩን ብቻ ካሳያችሁ አላረጋገጠም። ሁለተኛ፣ ሃስብሮ ከ2019 ጀምሮ ሬትሮ ኮሌክሽን ብሎ የድሮዎቹን የሚመስሉ አዳዲስ ፊገሮች፣ ካርቶኑ ላይ የኬነርን ዓርማ አትሞ፣ እንዳረጀ አስመስሎ አውጥቷል። ኩባንያው ሲሸጣቸው ማታለል አልነበረበትም። ማታለሉ የሚጀምረው ሌላ ሰው ከካርቶናቸው አውጥቶ፣ እግር ላይ ያለውን አዲሱን ምልክት በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ቀለማቸውን ትንሽ አድክሞ እንደ ድሮ ሲሸጣቸው ነው። ፋብሪካ ራሱ የተሠራበትን ቦታ ያጠፋባቸው እውነተኛ የድሮ ፊገሮች አሉ፤ ነገር ግን ፋብሪካው ሲያጠፋ የሚቀረው ንጹሕ ወይም ከፍ ያለ ገጽ ነው። በእጅ ሲፋቅ ግን በማጉያ መነጽር በአንድ አቅጣጫ የተጋደሙ ጭረቶች ይታያሉ፣ ገጹም ከቀሪው እግር ይልቅ የደበዘዘ ይሆናል።

የማቴል ኩባንያ ጡንቸኛ ጀግና፣ ሂ-ማን፣ ለመለየት ይቀላል። የ1982ቱ ወገቡ ውስጥ ሞላ አለው፣ ወደ ጎን አዙራችሁ ስትለቁት በቡጢ እንደሚመታ ይመለሳል፤ ክርኑ አይታጠፍም። ኦሪጂንስ የተባለው አዲሱ ተከታታይ መልኩ ያው ሆኖ ክርኑ፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ይታጠፋል። ክርኑ የሚታጠፍ ሂ-ማን «የሰማንያዎቹ ነው» ከተባላችሁ ንግግሩን እዚያው አቁሙ። ትልቁ፣ 30 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነው የ1964ቱ ጂ.አይ. ጆ ቀኝ ጉንጩ ላይ ጠባሳ አለው፣ የአንድ አውራ ጣቱ ጥፍርም በውስጥ በኩል ነው፤ ቆይተው ዳግም የተመረቱትም ጠባሳውን ስለያዙ እርሱ ብቻውን አያረጋግጥም።

ብዙ ገንዘብ የሚበላው «ሙሉ ዕቃው ያለው» የሚለው ነው። ልጆች መጀመሪያ የሚጥሉት ትንሹን ጠመንጃና ካባውን ነው፤ ስለዚህ በድሮ ዋጋ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የፊገሩ ሳይሆን የዕቃው ይሆናል። ቅጂ የሚበዛውም በዚሁ ላይ ነው። የኬነር መሣሪያ ከሆነ ጠርዙ ስል፣ ቅርጹ ጥርት ያለ፣ ቀዳዳው ክፍት ነው። ቅጂው የሚሠራው ከእውነተኛው ላይ ቅርጽ ተወስዶ ስለሆነ ጠርዙ ይድበሰበሳል፣ የምላጩ መጠበቂያ ቀለበት በቀጭን ፕላስቲክ ይደፈናል፣ መጠኑም በጥቂቱ ያንሳል፣ ምክንያቱም የሚፈሰው ቁስ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከታወቀ ኦርጅናል ጋር ጎን ለጎን ስታስቀምጡት ልዩነቱ በዓይን ይታያል። በውኃ የሚደረገውን ሙከራም ሰምታችሁ ይሆናል፦ ብዙዎቹ ኦርጅናል መሣሪያዎች ይንሳፈፋሉ፣ ብዙ ቅጂ ይሰምጣል። ሲሞከር መሣሪያውን ከውኃው በታች ይዞ መልቀቅ ያስፈልጋል፣ ላይ ብታስቀምጡት ግን ቅጂውም በውኃው ቆዳ ላይ ሊቆም ይችላል። አሁን አሁን የሚንሳፈፍ ቅጂም ስለተሠራ የሰመጠው ያስጠረጥራል እንጂ የተንሳፈፈው አይጸድቅም።

ጃዋ የተባለችው የኬነር ትንሿ የስታር ዋርስ ፊገር ለብቻዋ መጠቀስ አለባት። መጀመሪያ የወጣችው በላስቲክ ካባ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ በጨርቅ ተቀየረ፣ ስለዚህ የላስቲኩ ዋጋ ሰማይ ነው። አጭበርባሪዎች ኦቢ-ዋን የተባለውን የዚያው ፊልም ፊገር የላስቲክ ካባ በመቀስ አሳጥረው ያለብሷታል። በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ በፋብሪካ ከተቆረጠው ይለያል፣ የካባውም ልክ ትከሻዋ ላይ አይቀመጥም። ይህን ዕቃ በፎቶ ብቻ አትግዙ።

«ሳጥኑ ያልተከፈተ» ማለትም ዋስትና አይደለም። በሰማንያዎቹ መጨረሻና በዘጠናዎቹ የወጡ አንዳንድ ትራንስፎርመሮች (ሲታጣጠፉ ወደ መኪና ወይም ወደ ሌላ ነገር የሚለወጡ የሮቦት መጫወቻዎች) በወርቃማ ብናኝ በተቀላቀለ፣ የሚያብረቀርቅ ሞገድ በሚታይበት ፕላስቲክ ተሠርተዋል። ይህ ፕላስቲክ ሳይነካም በጊዜ ብዛት ይሰባበራል፤ ሰብሳቢዎች ምክንያቱ ብናኙ ፕላስቲኩ በደንብ እንዳይያያዝ ማድረጉ ነው ይላሉ። ተዘግቶ የኖረውም ከሳጥኑ ወጥቶ መጀመሪያ ሲታጠፍ እንደ ብስኩት ይፈረከሳል። ማስተካከያ የለውም። ሊነካ የማይችል ነገር በሙሉ ዋጋ መግዛታችሁን አውቃችሁ ከሆነ የእናንተ ምርጫ ነው፤ ሻጩ ሳይነግራችሁ ከሆነ ግን ማታለል ነው።

ነጭ ፊገሮች ይቢጫሉ። ሻጩ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና በፀሐይ አንጽቶ «እንደ አዲስ» ሊል ይችላል፤ ቢጫው ግን ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፣ ሕክምናው ቀለሙንም ያደበዝዛል። እጁን አንስታችሁ ብብቱን ተመልከቱ፤ የብብቱና የውጭው ነጭ በደንብ የሚለያይ ከሆነ ጠይቁ። የሚጣበቅ ገጽ ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ ደግሞ ውስጡ ያለው ማለስለሻ ወደ ላይ እየወጣ ነው። በለብታ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይለቃል፤ ከወራት በኋላ ግን ተመልሶ ይመጣል። አየር በሌለበት ሳጥን አትዝጉበት፣ ከሌላ ፕላስቲክ ጋር አስነክታችሁም አታስቀምጡት፤ ማለስለሻው የጎረቤቱን ገጽ ያቀልጣል። አሴቶን (በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ) ፈጽሞ አታስጠጉ።

አዲሱስ? ፊቱ በማተሚያ ስለሚታተም በቅርብ ስታዩት ከድሮው በብዙ ይበልጣል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ድክመቱ ሌላ ነው። ቀለም በመገጣጠሚያው ውስጥ ደርቆ ያጣብቀዋል፣ ገዢው በግድ ሲያዞረው ፒኑ ይቆረጣል። በተለይ መስታወት የመሰለው ግልጽ ፕላስቲክ ምሕረት የለውም። የፈላ ውኃ ከእሳት አውርዳችሁ ትንሽ ካበረዳችሁት በኋላ መገጣጠሚያውን ለአንድ ደቂቃ ያህል ንከሩት፣ ከዚያ ወዲያና ወዲህ በጥቂቱ ብቻ አንቀሳቅሱት። ሳጥን ውስጥ የተጣመመ እግርም እንዲሁ ይቀናል፤ ትኩስ ውኃ ውስጥ አለስልሳችሁ፣ አስተካክላችሁ ይዛችሁ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ትከቱታላችሁ። ማለስለሻ ዘይት ካስፈለገ የሲሊኮን ይሁን፣ የማሽን ዘይት ፕላስቲክ ይበላል። የጃፓኑ ባንዳይ ኩባንያ ፊጉአርትስ የተባለው ተከታታይና መሰሎቹ ፎርጅድ ቅጂ ደግሞ ገና ሳጥኑ ሲከፈት በሚከረፋ ሽታው፣ እንደ ዘይት በሚያብረቀርቅ ቆዳውና ከተሰኪው በሚወልቅ እጁ ይታወቃል።

የድሮውን ለልጅ መጫወቻ ብላችሁ ለምትገዙ፦ አትግዙ። በአሜሪካ በ2008 የወጣው ሕግ በልጆች ዕቃ ውስጥ የሚኖረውን ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት መጠን ከ2011 ጀምሮ በሚሊዮን 100 እጅ ላይ ወስኖታል፣ አንዳንድ የፕላስቲክ ማለስለሻዎችንም በ0.1 በመቶ ገድቧል። ከዚያ በፊት የተሠራ ቀለምና ፕላስቲክ በዚህ ልክ አልተመዘነም፤ ልጅ ደግሞ ወደ አፉ ያስገባል።

ዕቃው በእጃችሁ ሲገባ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ይህን አድርጉ። ጥቅሉን ስትፈቱ ሳታቋርጡ በቪዲዮ ቅረጹ። ፊገሩን አቁሙት፣ ሁለቱንም ክንድ ወደ ላይ አንሡ፤ ለቅቃችሁት በራሱ የሚወርድ ክንድ ላልቷል ማለት ነው። አውራ ጣቶቹን፣ የጭኖቹን መሐልና ክርኑን በባትሪ ብርሃን እዩ። እግሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በማጉያ መነጽር አንብቡ፣ ሻጩ በላከው ፎቶ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። መሣሪያውን በመጨረሻ ፈትኑ፣ እጁ ላይ ግን አትግጠሙት። አውራ ጣቱ በእናንተ እጅ ከተሰበረ ሻጩ አይመልስላችሁም።