በእጄ የሠራሁት ቢትኤክስ 20፦ ከስምንት ወር በኋላ

መቀበሉን ይቀበላል፤ መላክ ግን እምቢ አለ። የዚህን ሬዲዮ ጠባይ በደንብ ያወቅኩት ያኔ፣ ሦስተኛው ወር ላይ ነው።

ለማታውቁት፣ ቢትኤክስ 20 በቤት የሚገጣጠም መላኪያና መቀበያ ሬዲዮ ሲሆን፣ የሕንዱ የሬዲዮ አማተር የአሽሃር ፋርሃን ንድፍ ነው። 20 ሜትር በሚባለው የአማተሮች የሞገድ ክልል (ባንድ)፣ 14 ሜጋኸርዝ ላይ በድምፅ ያነጋግራል፤ ኃይሉ 6 ዋት ገደማ ነው። ሰውየው በቀላሉ በሚገኝ ዕቃ እንዲሠራ ስለፈለገ የሽቦ ጥቅሎቹን እንኳ የጠመጠማቸው ለውሃ ቧንቧ በምትገባ የፕላስቲክ ቀለበት ላይ ነው። እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ምድር ቤት ቁጭ ብዬ የበረዶውን ወራት ማታ ማታ ስበይደው ከረምኩ።

ብልሽቱ እንዲህ ነው። ማይኩ ላይ ሳፏጭ 6 ዋት ያሳይ የነበረው የኃይል መለኪያ (ሜትር) ግማሽ ዋት ላይ ቀረ። ወደ አንቴናው የሚሄደውን ኃይል የምታወጣዋን የመጨረሻዋን ትራንዚስተር፣ አይአርኤፍ 510ን ጠረጠርኩ። ቀየርኳት፤ ያው ነው። ደግሜ ቀየርኳት፤ አሁንም ያው። ርካሽ ስለሆነች አታስቆጭም፤ ሳላስብ መቀየሬ ግን እስካሁን ያናድደኛል። በዚህ ንድፍ የክሪስታል ማጣሪያው፣ ሲግናሎችን የሚቀላቅሉት ሚክሰሮችና ሞገዱን የሚያመነጨው ኦሲሌተር ለመቀበልም ለመላክም የሚያገለግሉት እነዚያው ናቸው። አጥርቶ ከተቀበለ እነሱ ደህና ናቸው፤ የሚጠረጠረው ለመላክ ብቻ የሚሠራው ክፍል ነው፤ እንደ ማይክ ማጉያውና የኃይል ማጉያው ያለው።

አንቴናውን ነቅዬ በምትኩ 20 ባለ 1 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ጎን ለጎን አያይዤ አንቴናውን የሚተካ የ50 ኦም ጭነት ሰካሁለት። ቴስተሬ ጫፍ ላይ አንድ ዳዮድና አንድ ካፓሲተር በየድኩና ሲግናሉን ከማይኩ ጀምሬ እግር በእግር ተከተልኩት። ከመጨረሻዋ ትራንዚስተር በፊት ያለው ማጉያ፣ ድራይቨሩ ጋ፣ በደንብ አለ። ከድራይቨሩ ቀጥላ ካለችው ትንሽ ትራንስፎርመር ማዶ የለም ማለት ይቻላል። በክብሪት እንጨት ገፋ ሳደርጋት ሜትሩ ዘሎ 6 ላይ ወጣ፤ ስለቃት ወደቀ። በአጉሊ መነጽር ሳያት የሽቦው ቫርኒሽ በቅጡ አልተፋቀም፤ ሊዱ ዙሪያውን ከቦታል እንጂ አልያዘውም። የማንም ሳይሆን የራሴ ስንፍና! በምላጭ ፍቄ መልሼ በየድኩት። ሥራው የአምስት ደቂቃ፣ ፍለጋው የሁለት ሳምንት።

ከዚያ ወዲህ አላስቸገረኝም። ቅሬታዬ ኦሲሌተሩ ላይ ነው፤ ከፍቼው እስኪሞቅ ድረስ ድግግሞሹ ይንሸራተታል፣ የማነጋግረው ሰው ድምፅ ቀስ በቀስ የዳክዬ ይሆናል። ለመሥራት ያሰባችሁ ደግሞ የአይአርኤፍ 510 የብረት ጀርባ ድሬይን ከሚባለው እግሯ ጋር የተገናኘ መሆኑን አትርሱ፤ ከማቀዝቀዣው ጋር ስታስሯት መሃሉ ላይ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ማይካ ካልገባ 12 ቮልቱ በቀጥታ ወደ ሻሲው (ወደ ሬዲዮው የብረት አካል) ይሄዳል።

ባለቤቴ «ሲሠራ ሳይሆን ሲበላሽ ነው ደስ የሚልህ» ትለኛለች። አልተከራከርኳትም። ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ከሌለኝ ምናልባት የአዲስ አበባው የአማተሮች ክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ብቅ ቢል ብዬ ባንዱን እቃኛለሁ። እስካሁን የመለሰልኝ ሩቁ ሰው ጣሊያን ነው።