ሜክሲኮ ሲቲን በምግቧና በመጠጧ፦ የጠዋት ገበያ፣ የማታ ታኮ ወይስ የሜዝካል ቅምሻ ብቻ?

ሜክሲኮ ሲቲ የሚሄድ ሰው ኢንተርኔት ላይ የምግብ ጉብኝት ቢፈልግ የሚያገኘው ምርጫ ራስ ያዞራል። ሁሉም «ምርጥ የመንገድ ዳር ምግብ፣ እውነተኛ ሜዝካል፣ የአገሬው ሰው ብቻ የሚያውቃቸው ቦታዎች» ይላል። ፎቶው እንኳን ይመሳሰላል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን የሚሸጡት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው ጠዋት ገበያ ለገበያ እየዞሩ መቅመስ ነው። ሁለተኛው ማታ ታኮ፣ ማለትም በትንሽ የበቆሎ ቂጣ የተጠቀለለ ሥጋ፣ ከሚሸጥበት አንዱ ቤት ወደ ሌላው እየሄዱ በመጨረሻ ሜዝካል የሚባለውን ጠንካራ የአገሬው መጠጥ መጠጣት ነው። ሦስተኛው ወንበር ይዞ ሜዝካል ብቻ መቅመስ ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። በብዛት ተደምቆ የሚሸጠው ሁለተኛው ነው። እኔ ግን ለአብዛኛው ከእኛ አገር ለሚሄድ ሰው የምመክረው አንደኛውንና ሦስተኛውን ለየብቻ እንዲወስድ ነው። ምክንያት አለኝ።

ጠዋት፣ ገበያ ውስጥ

ይሄኛው ብዙ ጊዜ የሚካሄደው በድሮው መሃል ከተማ፣ በሴንትሮ ነው። በብዛት የሚመረጡት ሳን ሁዋንና ላ መርሴድ ገበያዎች ናቸው። ሁለቱ ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ሳን ሁዋን ትንሽና የተደራጀ ነው። የከተማዋ ሼፎች ይሸምቱበታል፤ አይብ፣ የባሕር ምግብ፣ ያልተለመዱ ሥጋዎችና የሚበሉ ነፍሳት ይሸጡበታል። አንበጣ ቅመሱ ብትባሉ አትደንግጡ። አልፈልግም ማለትም ይቻላል፤ ማንም አይቀየምም።

ላ መርሴድ ሌላ ዓለም ነው። ከሜትሮ ጣቢያው ስትወጡ ራሳችሁን ገበያው ውስጥ ታገኙታላችሁ። የደረቀ በርበሬ በዓይነት በዓይነቱ ተከምሯል፤ ተሸካሚዎች ጋሪ እየገፉ ይጮሃሉ፤ መተላለፊያው ማለቂያ የለውም። ብቻውን የገባ እንግዳ መውጫው ይጠፋበታል፤ ኪስ አውላቂም አለ። አስጎብኚ የተከፈለውን ያህል የሚሠራው እዚህ ነው። እኔ ከሁለቱ ላ መርሴድን የሚያካትተውን እመርጣለሁ።

ጠዋት የሚበላው ምግብ ማታ አይገኝም። ትላኮዮን ውሰዱ። የምትሠራው ሴት በኖራ ውሃ ከተቀቀለ ሰማያዊ በቆሎ የተፈጨውን ሊጥ ትቆርሳለች። መሃሉ ላይ የተፈጨ ባቄላ ወይም አደንጓሬ ትጨምርበታለች። በመዳፎቿ መካከል እያጨበጨበች ጫፍና ጫፉ ሾጠጥ ያለ ወፍራም ቂጣ ታደርገዋለች፤ ከዚያ ምጣዱ ላይ ጣል። ሲበስል የተከተፈ የቁልቋል ቅጠል፣ ሽንኩርትና ድንብላል ይደረግበታል፤ ሳልሳ ይፈስበታል፤ አይብ ይነሰነስበታል። አይብ አልፈልግም ካላችሁ «ሲን ኬሶ» በሉ። ቅዳሜና እሁድ ከሆነ ደግሞ ባርባኮዋ አለ። የበግ ሥጋ ማጌይ በሚባለው የአጋቭ (የቃጫ ዘመድ) ተክል ቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሲበስል ያድራል፤ መረቁም ለብቻው ይጠጣል። ቀን ከገፋ ያልቃል።

የጠዋቱ ጉብኝት መጠጥ ብዙውን ጊዜ ፑልኬ ነው። ፑልኬ የሚሠራው ከማጌይ ከሚቀዳ ጣፋጭ ውሃ ነው። ይብላላል እንጂ አይነጠርም፤ ስለዚህ የአልኮል መጠኑ ከቢራ ብዙም አይርቅም። ነጭ፣ ወፈር ያለና ዝልግልግ ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ፍራፍሬ የተጨመረበት «ኩራዶ» ይሻላል። ፑልኬ ቶሎ ስለሚበላሽ ሩቅ አይጓዝም፤ በደንብ የሚቀመሰው እዚያው ነው። ሳን ሁዋን ገበያ አጠገብ ያለችው ላስ ዱኤሊስታስ የምትባለው መጠጥ ቤት በዚህ የታወቀች ናት።

ማታ፣ ከታኮ ወደ ታኮ

የማታው ዙር የሚበዛው ሮማ፣ ኮንዴሳና ናርቫርቴ በሚባሉት ሰፈሮች ነው። ለእኛ ሰው ናርቫርቴ ልዩ ትርጉም አለው። ሰፈሩ ዳር ላይ፣ በሜትሮው 3ኛ መስመር፣ «ኤቲዮፒያ» የሚባል ጣቢያ አለ፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። ጣሊያን በወረረን ጊዜ ሜክሲኮ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ወረራውን ከተቃወሙት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም እ.ኤ.አ. በ1954 ሜክሲኮን ጎብኝተዋል። የእኛው ሜክሲኮ አደባባይ እዚያ እህት አለው ማለት ነው። ለእራት ስትሄዱ እዚያ ጣቢያ ወርዳችሁ ብታዩት ደስ ይላል።

የማታው ንጉሥ ታኮ አል ፓስቶር ነው። መነሻው የሊባኖስ ስደተኞች ይዘውት የመጡት ሻዋርማ ነው። ሜክሲኮ ላይ ግን በጉ በአሳማ ተተካ፤ ሥጋው አቺዮቴ በሚባል ቀይ ቅመምና በደረቀ በርበሬ ቀላ፤ አናቱ ላይ አናናስ ተቀመጠ። ባለሙያው በአንድ እጁ ትንሿን የበቆሎ ቂጣ፣ ቶርቲያን፣ ይይዛል፤ በሌላው ሥጋውን ከሚሽከረከረው ዘንግ ላይ ይሸልታል፤ ከላይ የአናናስ ስንጣሪ በቢላው ጫፍ ወርወር አድርጎ ታኮው ላይ ያሳርፈዋል። ይሄ በእውነት መታየት ያለበት ነገር ነው። ናርቫርቴ ውስጥ ያለው ኤል ቪልሲቶ ደግሞ ቀን የመኪና ጋራዥ፣ ማታ ታኮ ቤት ነው።

የማታው ዙር ጥሩ ጎኑ ድምቀቱ ነው። ከተማዋ ስትበላ ታያላችሁ፤ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ትጫወታላችሁ፤ በማታ ወዴት ልሂድ የሚል ሐሳብ አይኖርም። አንድ ምሽት ብቻ ላለው ሰው ከዚህ የሚሻል የለም።

ችግሩ መጠጡ ላይ ነው። ሜዝካሉ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። በዚያ ሰዓት ሆድ ሞልቷል፤ ምላስም በሳልሳ ተቃጥሏል። የትኛው ብርጭቆ ውስጥ የትኛው ተክል እንዳለ ለመለየት የሚያስችል አፍ አልቀረም። አስጎብኚው የሚያወራውን ትሰማላችሁ፤ ምላሳችሁ ግን ልዩነቱን አይነግራችሁም። አንዳንዱ ዙር ላይ ደግሞ የሚቀርበው በኮክቴል የተቀላቀለ ሜዝካል ነው፤ ያ ቅምሻ አይባልም።

አሳማና ጾም

ለእኛ አንባቢ ምርጫውን በአብዛኛው የሚወስነው ይሄ ነው፤ የጉብኝት ማስታወቂያዎች ግን አይነግሯችሁም።

አሳማ የማይበላ ሰው የማታውን ዙር ከመግዛቱ በፊት ሁለቴ ያስብ። አል ፓስቶር አሳማ ነው። ካርኒታስ አሳማ ነው። ቺቻሮን የአሳማ ቆዳ ነው። ሎንጋኒሳ የሚባለው ቋሊማም እንዲሁ። የሚቀረው ሱዋዴሮና ቢስቴክ ነው፤ ሁለቱም የበሬ ናቸው። ሆኖም ሱዋዴሮ ቀስ ብሎ የሚበስለው ስብ ውስጥ ነው፤ ያ ስብ ብዙ ቦታ የአሳማ ነው። አንዱ ምጣድ ላይ ሁሉም ሥጋ ጎን ለጎን ይጠበሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 የሚሼሊን ኮከብ ያገኘው ሳን ራፋኤል ሰፈር ያለው ኤል ካሊፋ ደ ሌዮን በበሬ ሥጋ ታኮው የታወቀ ነው፤ እዚያም ቢሆን በምን ስብ እንደሚሠራ መጠየቅ አይከፋም።

ዋናው ቃል «ማንቴካ» ነው፤ የአሳማ ስብ ማለት ነው። ታማሌ የሚባለው በቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስል የበቆሎ ምግብ ሊጥ ውስጥ ይገባል፤ የተፈጨ ባቄላና አደንጓሬ ውስጥም ይገባል። ስለዚህ ሥጋ የሌለበት ምግብ ሁሉ ጾም ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። «ዬቫ ማንቴካ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንቴካ አለበት ወይ ማለት ነው።

ለጿሚ የጠዋቱ ገበያ በብዙ ይሻላል። ማንቴካ የሌለበት ትላኮዮ፣ ቁልቋል፣ የዱባ አበባ፣ ዊትላኮቼ የሚባለው በቆሎ ላይ የሚበቅል ጥቁር ፈንገስ፣ አቮካዶ፣ ፍራፍሬ በቃሪያና በሎሚ፣ ሁሉም አለ። ምጣዱም ፊት ለፊታችሁ ነው፤ የሚገባውንና የማይገባውን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሙስሊም አንባቢ ደግሞ የጠዋቱን ያለ ፑልኬ መውሰድ ይችላል። በፑልኬው ምትክ የፍራፍሬ ውሃ ወይም አቶሌ የሚባለው ትኩስ የበቆሎ መጠጥ ይገኛል። የማታውን ያለ መጠጥና ያለ አሳማ ከወሰዳችሁት ግን ገንዘቡን የምትከፍሉበት ነገር ከግማሽ በታች ይቀራል።

ሜዝካል ተቀምጦ መቅመስ

ሜዝካል ከአጋቭ የሚነጠር መጠጥ ነው። አጋቭ እኛም ጋ አለ፤ ቃጫ የሚወጣበት ተክል ራሱ አንዱ ዓይነት ነው። ቴኪላ ከሰማያዊ አጋቭ ብቻ፣ ሃሊስኮና አንዳንድ ሌሎች ግዛቶች ውስጥ ይሠራል። ሜዝካል ግን ከብዙ ዓይነት አጋቭ ይሠራል፤ አብዛኛው የሚመጣው ከኦዋሃካ ነው። የአጋቩ ልብ በጋለ ድንጋይ በተሞላ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ለቀናት ይበስላል። የጭስ ሽታው የሚመጣው ከዚያ ነው። ከዚያ ይጨፈለቃል፤ ይብላላል፤ ይነጠራል። ኤስፓዲን የሚባለው የተለመደው አጋቭ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ከስድስት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ቶባላን የመሰሉ የዱር ዓይነቶች የበለጠ ይቆያሉ፤ ዋጋቸውም ለዚያ ነው የሚወደደው።

ተቀምጦ መቅመስ የሚሻለው ይህን ሁሉ አፋችሁ ላይ ስለምታገኙት ነው። ጥሩ ቅምሻ አንድ መጠጥ ደጋግሞ አያቀርብም። ኤስፓዲን ከቶባላ አጠገብ ያስቀምጣል፤ በመዳብ የተነጠረውን በሸክላ ከተነጠረው ጎን ያቀርባል። ልዩነቱን ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

ቀጂው ከፍ አድርጎ ሲቀዳው ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ትናንሽ አረፋዎች ይሰለፋሉ። ዕንቁ ይሏቸዋል። ቶሎ ከጠፉ መጠጡ ደክሟል ማለት ነው፤ ከቆዩ ጥንካሬው ልክ ነው። ጠብታ መዳፋችሁ ላይ አሽታችሁ ስታሸቱት አልኮሉ ተኖ የበሰለው አጋቭ ሽታ ይቀራል። ሜዝካል እንደ አረቄ በአንድ ጊዜ አይገለበጥም፤ ብዙ ጊዜ 45 በመቶና ከዚያ በላይ አልኮል አለውና በትንሽ በትንሹ ከንፈር እያረጠቡ ነው። አጠገቡ ብርቱካንና ጨው ይቀርባል። ጨዉ ውስጥ የተፈጨ የአጋቭ ትል አለ፤ ጿሚ ከሆናችሁ ተራ ጨው ጠይቁ።

ጉድለቱ ምግብ አለመኖሩ ነው። ባዶ ሆድ ይዞ መሄድ ሞኝነት ነው። ከተማዋ 2,240 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ይሄ ምንም አይደለም፤ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚመጣ ሰው ግን የመጀመሪያውን ቀን አርፎ በሁለተኛው ቢቀምስ ይሻለዋል።

ገንዘቡ

ከሦስቱም ላይ የምትከፍሉት በዋናነት ለምግቡ አይደለም። የመንገድ ታኮ ርካሽ ነው፤ ውድ የሆነው አስጎብኚው ነው። ስለዚህ ዋጋ ስታነጻጽሩ የታኮውን ብዛት አትቁጠሩ። በቡድኑ ስንት ሰው እንዳለ ተመልከቱ። አሥራ አምስት ሰው አንድ ጋሪ ፊት ሲቆም ከኋላ ያለው አይሰማም፤ ባለ ጋሪውም ይጨናነቃል። ስድስትና ሰባት ሰው ጥሩ ነው። ጉርሻ ብዙ ጊዜ ለብቻ ነው፤ ፔሶ በጥሬው ያዙ።

አስጎብኚ ሳይኖር መዞርም ይቻላል። ታኮ ቤቶቹ ለእንግዳ ክፍት ናቸው፤ ሰልፍ ያለበትን መምረጥ፣ ከምጣድ የወጣውን ትኩስ መብላት፣ የቧንቧ ውሃ አለመጠጣት በቂ ነው። ብዙ ቦታ መጀመሪያ ይበላል፤ የበላችሁትን ቆጥራችሁ በመጨረሻ ትከፍላላችሁ። ስፓኒሽ ትንሽ የሚችል ሰው የማታውን ታኮ ብቻውን ቢወጣ ብዙ አይጎድልበትም። ላ መርሴድንና ሜዝካሉን ግን ያለ ሰው አልመክርም። መንገድ ላይ መጠጣት እንደማይፈቀድም አትርሱ።

ከመክፈላችሁ በፊት የሚጠየቅ

አጭር መልእክት ጻፉላቸው። የሚቀርቡት ሜዝካሎች ስም ማን ማን ነው? አሳማ ለማይበላ ምን አላችሁ? ለጿሚስ? ከመነሻ እስከ መድረሻ በእግር ነው ወይስ በመኪና? ማታ ሲያልቅ የት ታደርሱናላችሁ? የመጀመሪያውን ጥያቄ በስም የመለሰ አዘጋጅ ሥራውን የሚያውቅ ነው። «ምርጥ ሜዝካል እናቀርባለን» ብሎ ያለፈውን እለፉት።

ቅምሻው ላይ የወደዳችሁትን ጠርሙስ ልትገዙ ትችላላችሁ። መለያው ላይ የአጋቩ ዓይነት፣ የተሠራበት መንደርና የአንጣሪው ስም ቢኖር ጥሩ ምልክት ነው። «አርቴሳናል» ወይም «አንሴስትራል» የሚል ጽሑፍም በሕግ የተደነገገ ደረጃ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ትል መኖሩ የጥራት ምልክት አይደለም። ከ24 እስከ 70 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ በሚጫን ሻንጣ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል፤ ያልተከፈተና በፋብሪካው ማሸጊያ ያለ መሆን አለበት። የምትገቡበት አገር ጉምሩክ የሚፈቅደው ግን ከዚያ ሊያንስ ስለሚችል ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ።